ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር

ደብዳቤው የደረሰን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት የደከምንበትን ጨዋታ አዲስ አበባ ለሚካሄድ ውድድር ልከን፣ ወር ሙሉ መልስ ስንጠብቅ ከርመን፣ የመጣው አራት መስመር ብቻ ነበር። «ቴክኒኩ ጥሩ ነው። ሥዕሉም ጥሩ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ግን ባዶ ናቸው፤ ኖሩ አልኖሩ ተጫዋቹ ግድ አይሰጠውም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አስተካክላችሁ ከላካችሁ እንደገና እናየዋለን።»

ባዶ። ቃሏን ደጋግሜ አነበብኳትና ቆሽቴ አረረ። ነገሌ ተቀምጦ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ኮምፒውተር እንደ አዲስ እያስነሱ ሁለት ዓመት መሥራት ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ «ባዶ» ብሎ መጻፍ ሌላ ነው። ይህን ለሌላ ለማንም መናገር ስለማልችል ለዲንኪቱ ተናገርኩ።

ዲንኪቱ የጨዋታው ሠዓሊ ናት። የምናስተምረው አንድ ኮሌጅ ነው፤ እሷ ንድፍ፣ እኔ ኮምፒውተር። በጨዋታው ውስጥ ያለው ግራር ሁሉ፣ ኩይሳው ሁሉ፣ ላሙ ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ከእኔ ብሳ ትናደዳለች ብዬ ነበር።

«ልክ ናቸው» አለች።

«እነማን?»

«ሰዎቹ ናቸዋ። አክሊል፣ አትቆጣ። እኔ ራሴ የሣልኳቸው ከብቶች ሲሞቱ አያሳዝኑኝም። አንድ ቁጥር ይቀንሳል፤ በቃ።»

ጨዋታው ሮል ፕሌይንግ የሚባለው ዓይነት ነው። ኳስ አይደለም፣ ተኩስም አይደለም። ተጫዋቹ የአንድን ሰው ኑሮ ይረከባል፤ በዚያ ሰው እግር ይሄዳል፣ ያገኘውን ሰው ያነጋግራል፣ ከቀረቡለት መልሶች አንዱን ይመርጣል፣ በመረጠውም ይለማል ወይም ይጠፋል። የእኛ ሰው ድርቅ የመጣበት የቦረና ከብት አርቢ ነው። መንጋውን ይዞ በዱብሉቅ ጥልቅ ጉድጓዶች በኩል ሣር ፍለጋ ይወጣል። ያለው ሁሉ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ በቁጥር ይታያል፤ ድፍረት 35፣ ከሰው ጋር ያለው ፍቅር 60፣ ከብት 14። በነዚህ ቁጥሮች እኮራ ነበር። አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነው፤ ያሳደገኝም በማርክና በደረጃ ነው። ቁጥር የሌለው ነገር አለ ብሎ ማመን ያስቸግረኛል።

ያን ሰሞን እልህ ያዘኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ያስጻፈኝ ግን ብዙ የማይረባ ነገር ነው። ለጀግናው የሞተች እናት ጻፍኩለት። አላሳዘነኝም። እናትየዋ ገና በሕፃንነቱ እንድትሞት አደረግኩ። አሁንም አላሳዘነኝም። ጓደኛ ሰጠሁትና ጓደኛው እንዲከዳው አደረግኩ። በመጨረሻም ጥጉ ላይ «ሐዘን» የምትል አዲስ መስመር ጨመርኩ፤ ሐዘን 80። አባቴ በበሩ ሲያልፍ ስክሪኑን አየት አድርጎ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎኝ ሄደ። ዲንኪቱ ደግሞ «ሐዘን 80»ን ስታይ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

ሳቋ ሲያበቃ «አባቴ ይጫወቱት» አለች።

«አባትሽ?»

«ለሙከራ። አንተ እነዚህን ሰዎች ትጽፋቸዋለህ እንጂ አታውቃቸውም።»

ይሄ ነካኝ። ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከአማርኛዬ አያንስም። ግን ከብት ነድቼ አላውቅም፤ እሷም ታውቃለች።

አባቷን ኦቦ ዋሪዮን የማውቃቸው በሩቁ ነበር። ዝናቡ አምስት ወቅት በላይ በላዩ ሲቀር ከብቶቻቸው አለቁ፤ ዲንኪቱም ከዱብሉቅ ወዲያ ካለው መንደራቸው አምጥታ እሷ ቤት ካስቀመጠቻቸው ዓመት አልፎ ነበር። ጠዋት በምዕራቡ ግድግዳ፣ ከሰዓት በምሥራቁ፣ ጥላውን እየተከተሉ ይቀመጣሉ። ሰላም ሲሏቸው ይመልሳሉ። ከመጡ ጀምሮ ስለ ከብት ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ዲንኪቱ ይህ ዝምታ ያስፈራታል። ጨዋታውን እንዲሞክሩ የፈለገችው ለእኔ ብላ ብቻ አለመሆኑ ገብቶኛል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የሚታየኝ የሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዛቸው መጣች። የምሠራው በግቢያችን ውስጥ ወደ መንገድ በምታይ አንዲት ክፍል ነው። ኦቦ ዋሪዮ በትራቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ።

«አካም? ናጋ? አባትህ ናጋ? ቤቱ ናጋ?» አሉኝ።

«ናጋ ነው፣ ኦቦ። እርስዎስ?»

«ናጋ።»

ዲንኪቱ ወደ እኔ አየች። ቦረና ሰላምታ ሲሰጥ ስለ ከብቱ ደኅንነት፣ «ሎን ናጋ?» ብሎ፣ ይጠይቃል፤ ከብት የሌለውንም ሰው ይጠይቃል። እሳቸው ዘለሉት።

ጆይስቲኩን አስጨበጥኳቸውና አሠራሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አዩ። ጀግናው ቤቱ ፊት ቆሟል፤ ከብቶቹ በረት ውስጥ ናቸው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቀኝ ጥግ ዘረጉ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቁጥር ነው፣ ኦቦ። ከብቶቹ አሥራ አራት መሆናቸውን...»

ሳልጨርስ በመዳፋቸው ጥጉን ከደኑት። ስክሪኑ ትንሽ ወደ ኋላ ተገፋ።

«ማነው የሚቆጥር?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ተው በለው።»

ዲንኪቱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቦረና ከብቱን አይቆጥርም» አለችኝ። «ስንት ነው ተብሎም አይጠየቅም። የተቆጠረ ይጎድላል ነው የሚባለው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስሠራ የት ነበርሽ?»

«ነግሬሃለሁ። ‹ተጫዋቹ ቁጥር ይፈልጋል› አልከኝ።»

ብያታለሁ። ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደፈላ ግን አላወቅኩም። ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ ኮምፒውተር ሳይቆጥር እንደማይሠራ፣ ቁጥሩ ከሌለም ተጫዋቹ አንዲት ላም ብትጠፋበት ማወቅ እንደማይችል ለማስረዳት ሞከርኩ። መዳፋቸውን ሳያነሡ አዳመጡኝ።

«በቁጥር የሚያውቅ እረኛ አይደለም» አሉ። «እረኛ ማን እንደ ጎደለች ያያል። ኮምፒውተሩ በሆዱ ይቁጠር። በአፉ አያውጣው።»

ከመሳቢያ ፕላስተር አውጥቼ የስክሪኑን ጥግ ሸፈንኩት። የዚያን ጊዜ እጃቸውን አነሡ። ጀግናውን ወደ በረቱ ወስደው፣ ፊት የቆመችውን ላም እያሳዩ «ማን ትባላለች?» አሉኝ።

«ስም የላትም።»

«ሌላዋስ?»

«የአንዳቸውም ስም የለም፣ ኦቦ። ከብት ናቸው።»

ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡና ተነሡ። «ታዲያ በምን ትጠራታለህ?» ብለው በትራቸውን አንሥተው ወጡ። የተጫወቱት ስምንት ደቂቃ ነው።

ያን ቀን ዲንኪቱን ብዙ ተናገርኳት። አንድ ሽማግሌ አምጥታ ሥራዬን ማፍረሷን፣ ዓለም ላይ ያለ ሮል ፕሌይንግ ሁሉ በቁጥር እንደሚሠራ፣ አሥራ ሰባት ቀን እንደቀረን። እሷም በሥዕሉ ላይ የላሞቿን ቀንድ ታስተካክል ነበር። እሑድ ግን የሽማግሌው ጥያቄ ከጆሮዬ ስላልጠፋ ቁጥሩን ከጥጉ አነሣሁት። የከብቱ ቁጥር ሲነሣ ድፍረትና ፍቅር ብቻቸውን ተንጠልጥለው ቀሩ፤ አስጠሉኝ፣ እነሱንም አነሣኋቸው። «ሐዘን 80»ም አብራ ሄደች። ስክሪኑ ባዶ መስሎ ታየኝና ያቺ የደብዳቤው ቃል ትዝ አለችኝ።

ሰኞ ኦቦ ዋሪዮን ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። «ስም ይስጧቸው» አልኳቸው።

ቁጭ ብለው ሳያመነቱ ተናገሩ። ቡሬ፤ ቀድማ ካልጠጣች ትዋጋለች። ዲምቱ፤ ጥጃዋ ከሞተ ወዲህ ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች። ጉራቲ፤ ፉጨት ስትሰማ ጆሮዋን ትጥላለች እንጂ አትመጣም፣ በስሟ ሲጠሯት ግን ትመጣለች። እያንዳንዷ ላም ጠባይ ነበራት። እየተጣደፍኩ ጻፍኩ። ጠባዮቹ ከቀን ወደ ቀን እንዲያድጉ፣ ላሟ እረኛዋን እየለመደች እንድትሄድ አድርጌ ኮዱን ሠራሁት። ዲንኪቱ እርሳሷን አስቀምጣ አባቷን ታይ ነበር።

ጨርሰው ከወጡ በኋላ ከበሩ ተመለሱ።

«አንዲት ቀረች። ዳለቲ በላት።»

«እሷስ ምን ጠባይ አላት?»

«ደህና ናት» አሉ። «ምንም የላት። ደህና ናት።»

ሲሄዱ ዲንኪቱ «የእኛ ናቸው» አለችኝ። «ስሞቹ። የሞቱት የእኛ ከብቶች ናቸው።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ደስ ብሎታል። ዓመት ሙሉ ያልሰማቻቸውን ስሞች በአንድ ከሰዓት ሰምታለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ዋሪዮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ጣታቸው ቶሎ ለመደ። ከብቶቹን ከበረት ያወጣሉ፣ በስም ይጠራሉ፣ ወደ ጉድጓዱ ይነዳሉ፣ ያጠጣሉ፣ ጥላ ሥር ያሳርፋሉ፣ ወደ ቤት ይመልሳሉ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ጨዋታው ሦስት ምዕራፍ አለው፤ ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ሦስተኛው ምዕራፍ ድርቁ ነው። ከጉድጓዱ ማዶ ያለችውን ድልድይ ሲሻገሩ ይጀምራል። እሳቸው ድልድዩ ጋ አይደርሱም።

«ኦቦ፣ ወደፊት ይሂዱ እንጂ» እላቸዋለሁ።

«ከብቱ ጠጥቷል። ሣሩ አለ። ለምን እሄዳለሁ?»

«ታሪኩ እዚያ ነው ያለው።»

«ይቆይ።»

አሥር ቀን ይቆይ አሉኝ። ከኋላቸው ቆሜ አንዲት ላም ውኃ ስትጠጣ አያለሁ። ሌላዋ ስትጠጣ አያለሁ። የውድድሩ ሰዎች ተጫዋቹ ያዝን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ድርቁን የሚሻገር ሰው ከሌለ ማን ያዝናል? እኔ ራሴ እንዳልሞክረው፣ አዲስ ጨዋታ ብጀምር ከብቶቹ ገና እረኛቸውን የማያውቁ ባዳ ናቸው። አሥር ቀን ሙሉ ጠባያቸው ያደገው የኦቦ ዋሪዮ ጨዋታ በተቀመጠበት ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ዲንኪቱ አባቷን ዓይናቸውን ልታስመረምር ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ቀጠሮው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ብቻዬን ነበርኩ። የእሳቸውን ፋይል ከፈትኩና ድልድዩን ተሻገርኩ።

ለማየት ብቻ ነበር፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። በችኮላ ነዳኋቸው። መጀመሪያ የወደቀችው ዲምቱ ናት፤ ወደ ኋላ ቀርታ ስለነበር መውደቋን ያየሁት ከብቶቹ ሁሉ ዞረው ሲቆሙ ነው። ቀጥሎ ቡሬ። ጉራቲን በስሟ ጠራኋት፤ ጆሮዋን አነሣች፣ ሁለት እርምጃ መጣችና ተኛች። አንድ በአንድ አለቁ። በመጨረሻ ከእረኛው ጋር ዳለቲ ብቻ ቀረች። እሷም ስትወድቅ፣ እንደማትሰማኝ እያወቅኩ ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር አፍራለሁ። አጨበጨብኩ። ብቻዬን በዚያች ክፍል ውስጥ ብድግ ብዬ «ሠራ!» እያልኩ አጨበጨብኩ። ሁለት ዓመት ያቃተኝ ነገር ተሳክቷል፤ አዝኛለሁ። እጄን ገና ሳላወርድ ከታች በኩል «ተቀምጧል» የሚለው ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጨዋታው የመጨረሻውን በአሮጌው ላይ አስቀመጠው። ራሴ ነኝ እንደዚያ እንዲያደርግ የጻፍኩት።

ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። በየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው «ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ ያዙ» የሚል ነው። በኮዱ ገብቼ ላስነሣቸው ሞከርኩ። ተነሡ፣ ስማቸውም ተመለሰ። ግን ዲምቱ ከፊት ፊት ሄደች፤ ጉራቲ በፉጨት መጣች። አንዳቸውም ኦቦ ዋሪዮን አያውቁም። መልሼ አጠፋኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀምም አልነበረም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም መጡ። ለዲንኪቱ በሩ ላይ ነገርኳት። «ትናንት መብራት ድንገት ሄዶ ፋይሉ ተበላሸ። ከብቶቹ የሉም።» ነገሌ ውስጥ ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም። እሷም አልተጠራጠረችም፤ ፊቷ ብቻ ዳመነ። ለአባቷ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ኦቦ ዋሪዮ ቁጭ ብለው ጆይስቲኩን አነሡ።

እረኛው ቆሞ የነበረው ዳለቲ የወደቀችበት ቦታ ላይ ነው። ወደ ኋላ መለሱት። በመጣበት መንገድ ቀስ እያሉ ወሰዱት፤ እያንዳንዷ ላም የወደቀችበት ስፍራ ላይ አቆሙት። ቡሬ ጋ ቆሙ። ዲምቱ ጋ ቆሙ። ቢያንስ ይቆጡ ብዬ ተመኘሁ፤ አልተቆጡም። ድልድዩን መልሰው ተሻግረው ባዶው በረት ውስጥ ገቡና ወጡ። ከዚያ ወደ ጎረቤት መንደር ሄዱ።

መንደሩ ውስጥ ስድስት ሰዎች አሉ። ከብት አላቸው። ኦቦ ዋሪዮ የመጀመሪያውን አነጋገሩት። ሰውየው እኔ የጻፍኩለትን ተናገረ፤ «መንገዱ ረጅም ነው፤ በርታ።» ሁለተኛውን አነጋገሩት። «መንገዱ ረጅም ነው፤ በርታ።» ሦስተኛውም ያው። አራተኛው ሲደግመው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«እነዚህ ቦረና ናቸው?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ከብቴ አልቋል። ያያሉ። ለምን አንዲት ላም አይሰጡኝም?»

ከኋላቸው ሆኜ ወደ ስድስቱ ሰዎች ተመለከትኩ።

«ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ይቀመጣል» አሉ። «ይነጋገራል። አንዱ ጊደር፣ አንዱ ላም ይሰጠዋል። እንደገና ይቆማል። ቡሳ ጎኖፋ ነው። አልጻፍከውም?»

«አላሰብኩትም።»

«እንግዲያ ሰው አይደሉም።»

አዲስ አበባዎቹ ባዶ ሲሉኝ ተቆጥቼ ነበር። አሁን አልተቆጣሁም። ኦቦ ዋሪዮ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አኖሩትና ስክሪኑን እያዩ ማውራት ጀመሩ።

«ዝናቡ ለአራተኛ ጊዜ ሲቀር የአጎቴ ልጅ ቡሌ ሁሉም አለቁበት። ሽማግሌዎች መጡ። ለቡሌ አንዲት ላም አሉኝ። ያን ጊዜ የእኔ ገና ነበሩ። ዳለቲን ነው የጠየቁኝ። ታማለች አልኩ።» ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አገላበጡት። «አልታመመችም።»

ዲንኪቱ «አቦ» አለች፤ አባቷን የምትጠራበት ነው።

«ከሁለት ወር በኋላ ሞተች። ከሌሎቹ ጋር። ብሰጠው እሱ ጋ ትሞት ነበር። ያው ነው። ግን እኔ ሰጥቻለሁ።»

የእኔ ውሸት ከሳቸው ውሸት ጎን ተቀምጣ ነበር፤ የእኔ ገና የዚያው ቀን ናት፣ ግን ማደግ ጀምራለች። ሥራዬን፣ ቀጠሮውን፣ ዲንኪቱ ምን እንደምትለኝ አሰብኩ። አፌ ቀድሞኝ ተከፈተ።

«ኦቦ፣ መብራት አልሄደም። እኔ ነኝ የነዳኋቸው።»

ዲንኪቱ ወደ እኔ ዞረች። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልወደውም።

«አውቃለሁ» አሉ ኦቦ ዋሪዮ። «መብራት ከብት አይነዳም። በረት ውስጥ አልሞቱም፤ መንገድ ላይ ነው የሞቱት። በፀሐይ ነድተሃል። ጥላ አልፈሃል፣ አላሳረፍክም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ እንድትል።»

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። «ምን ልካስዎ?» አልኳቸው። ይህን ስል ምን እንደምክስ አላውቅም፤ ማለት ስለሚገባ ነው ያልኩት።

በጣታቸው ስድስቱን የመንደር ሰዎች አሳዩኝ። «እነዚህን ሰው አድርጋቸው።»

ያንኑ ዕለት ጀመርን። ስድስቱ ሰዎች ስም አገኙ፣ ከብቶቻቸውም ስም አገኙ። ጎሳው ሲቀመጥ ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያመነታ፣ ማን ሰጥቶ ቤቱ ሲገባ ከሚስቱ ጋር እንደሚጣላ ኦቦ ዋሪዮ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ ዲንኪቱ ትሥላለች። እኔን ግን ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ወረቀቱን በአባቷ በኩል ነው የምታቀብለኝ።

ስድስተኛው ሰው «ላሚቱ ታማለች» ብሎ የሚከለክለው ነው። እሱን ብቻዬን ጻፍኩትና አነበብኩላቸው። ስስታም አድርጌዋለሁ፤ ይስቃል፣ በሩን ይዘጋል። ኦቦ ዋሪዮ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላኪ። አይደለም። ይህን ሰው ክፉ አታድርገው። ፈርቷል። ላሟን ይወዳታል። የቀሩትን ሲያይ የሚያልቁ ይመስለዋል። ‹ታማለች› ሲል ዓይኑን መሬት ላይ አድርግ።»

አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። አሁንም አይደለም አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ማክሰኞ መጣና አለፈ፤ ቀጠሮው ከእሱ ጋር ሄደ። አልዋሽም፣ አንገበገበኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት በር በአንድ ሰው ዓይን ምክንያት ሲዘጋ እያየሁ ነበር፤ ያ ዓይን ወደ መሬት እንዴት እንደሚያይ ገና አልተስማማንም። ማታ ለአባቴ ስነግረው «ታዲያ ለምን እንዳለ አትልከውም ነበር?» አለኝ። ለማስረዳት ሞክሬ አቃተኝ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲከለከል ተጫዋቹ የሚመርጣቸውን መልሶች መጻፍ ነበረብኝ። ሦስት ጽፌ ለኦቦ ዋሪዮ አነበብኩላቸው። አንደኛ፣ «አልታመመችም፣ ትዋሻለህ።» ሁለተኛ፣ «ስለ ዘመድነታችን ብለህ ስጠኝ።» ሦስተኛ፣ ምንም ሳይናገሩ መሄድ።

ዲንኪቱ ሥዕሏን አቆመች።

«ቡሌ እነዚህን አላለም» አሉ።

«ቡሌ እዚያ ነበር እንዴ?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር በር ላይ ቆሞ ነበር። ዳለቲ አጠገቡ ናት። ታመነዥካለች።» የታመመች ላም አታመነዥክም፤ ይህን እኔ እንኳ በዚያ ሳምንት ተምሬዋለሁ። «ላሟን አያት። ከዚያ እኔን አየኝ።»

«ምን ብሎ መለሰልዎት?»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው ግን አላደረጉትም።

«‹ትዳንልህ› አለኝ።»

ሦስቱን መልሶች አጠፋሁና ያችን አንዲት ቃል ጻፍኩ። ኦቦ ዋሪዮ ጆይስቲኩን አንሥተው እረኛቸውን በስድስተኛው ሰው በር ላይ አቆሙት። ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ላሚቱ መታመሟን ተናገረ። እሳቸውም ጥቂት ቆይተው «ትዳንልህ» የምትለዋን ተጫኑ።